ገማቹ ጉድጓዱን ሊያይ የመጣ ቀን

ሰው "ሥራህ ምንድን ነው?" ሲለኝ "ኦይል ውስጥ ነኝ" እል ነበር። ካልጋሪ ውስጥ እንደዛ ካልክ ሰው ቶሎ ያከብርሃል። ውሸትም አይደለም፤ ግን ነዳጅ በዓይኔ ያየሁት መኪናዬ ከሥር ስታንጠባጥብ ብቻ ነው። እውነተኛው ሥራዬ ዳውንታውን፣ መስኮት የሌለው ጥግ ተቀምጬ፣ የኦይል ካምፓኒዎችን ፕሮፐርቲ ታክስ ለማስቀነስ ለሚከራከሩ ሰዎች ወረቀት ማዘጋጀት ነበር። ካርዴ ላይ "አናሊስት" ይላል። ባለቤቴ ኮርታ ፍሪጅ ላይ ለጠፈችው። አንዲት ጎረቤታችን አየችውና "ውይ፣ ላብራቶሪ ነው እንዴ የምትሠራው? እስቲ የእኔን ስኳር እይልኝ" አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አገር ገጠር ውስጥ የነዳጅ ጉድጓድ ካለህ ካውንቲው፣ ማለት የወረዳው አስተዳደር፣ በየዓመቱ ታክስ ያስከፍልሃል። የሚያስከፍልህ ባወጣኸው ነዳጅ አይደለም፤ መሬቱ ላይ በቆመው ብረት ነው። ፓምፑ፣ ታንከሩ፣ ቧንቧው። ገማች ይመጣል፣ "ይሄ ሁሉ ዛሬ አዲስ ቢተከል ምን ያህል ይፈጃል?" ብሎ ያሰላል፣ ከዚያ ላይ ለእርጅናው ይቀንሳል፣ በቃ። የነዳጅ ዋጋ ወጣ ወረደ ብረቱ ምን ቸገረው። አንድ መውጫ ብቻ አለች፤ ብረቱ ቆሟል፣ ደግሞም ሁለተኛ አይነሳም ብለህ ካሳመንክ ግምቱ በደንብ ይወርድልሃል። ለጊዜው ነው የቆመው ከተባለ ግን አይወርድም። የቢሮአችን እንጀራ እዚህች ልዩነት ላይ ነበር።

ዳውንተርኑ መጥቶ የነዳጅ ዋጋ የወደቀ ጊዜ እኛ ሥራ በዛልን፤ ሁሉም ታክሱን ማስቀነስ ፈልጎ። ግን ሥራ የሰጡን ካምፓኒዎች ራሳቸው መክፈል አቆሙና ሌይኦፉ እኛም ጋ ደረሰ። ጠዋት "ሃይ" ያልከው ሰው ከሰዓት ካርቶኑን ታቅፎ ሊፍት ይጠብቃል። ዓይንህን ያይህና "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ይላል፣ ሳትጠይቀው። የቀረነው በተሰናባቾቹ ወንበሮች ላይ ዓይናችንን ጣልን። እኔ በየጊዜው የተሻለ ወንበር እየቀየርኩ መጨረሻ ላይ የማናጀር ወንበር ላይ ደረስኩ። በሥራ ዘመኔ ያገኘሁት እድገት እሱ ብቻ ነው።

ኖርዝኢስት የእኛ ሰፈር ደግሞ ሌላ ነበር። ታክሲ የሚነዳው ሰው የሚጭነው አጥቷል፣ ሆቴል የምታጸዳዋ ሺፍቷ ተቆርጧል። ማርልቦሮ ሞል ውስጥ በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ ጤነኛ ጤነኛ ወንዶች አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዘው ፉድ ኮርት ተቀምጠው ታያለህ። ጋሼም ያገኙኝ እዚያው ነው።

ጋሼ የአሥመራ ሰው ናቸው። በአማርኛ ነው የተማሩት፤ የእኔን አማርኛ ሲሰሙ ፊታቸውን ቅጭም ያደርጋሉ፣ እንግሊዝኛ ስለማበዛ። ወጣት ሳሉ አሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ሠርተዋል። ባለቤታቸውን፣ እትዬን፣ ያገኟቸው እዚያ ነው፤ እሳቸው የደሴ ልጅ ናቸው። እዚህም መጥተው ጋሼ ከነዳጅ አልራቁም። ዕድሜያቸውን በፒክአፕ ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዞሩ ሲቆጣጠሩ ኖሩ። ካምፓኒያቸው አንድ አሮጌ ጉድጓድ ሊያሰናብት ሲል ጋሼ "እኔ ልግዛው" አሉ። ዋይትሆርን ያለ ቤታቸውን አስይዘው ላይን ኦፍ ክሬዲት ወሰዱና ገዙት። በራሳቸው ስም ነው የፈረሙት።

ደግ ዘመን ነበር። ጉድጓዱ ብዙ ባይሰጥም የባንኩን ይከፍል ነበር። ሁለት ሴቶች ልጆች ነው ያላቸው፤ እትዬ ጉድጓዱን "ወንዱ ልጃችን" ይሉት ነበር። ሰው ሲጠይቃቸው "ትልቋ ነርስ ናት፣ ትንሿ ሳድል ሪጅ ቤት ገዛች፣ ወንዱ ደግሞ ገጠር ነው፣ አባቱን ይጦራል" ይላሉ። የማያውቅ ሰው "ምነው መጥቶ አያውቅም?" ሲል እሳቸው ይስቃሉ።

ከዚያ ዋጋው ወደቀ። የሚያወጡት ነዳጅ የሚጭነውን ቦቴ እንኳ አልሸፍን አለ። ጋሼ ፓምፑን አቆሙት። ታክሱ ግን መጣ። ከቤቱ ላይ ተበድረው ከፈሉ። በዓመቱ ደግሞ መጣ። ባንኩ "ከእንግዲህ አይቻልም" አላቸው።

"ልጄ" አሉኝ ፉድ ኮርት ውስጥ። አምሳ ዓመቴ ነው፣ አናቴ ላይ አንድ ፀጉር የለም፣ ግን "ልጄ" ሲሉኝ ደስ ይለኛል። "የትልልቆቹን ታክስ ታስቀንሳለህ አሉ።"

"እኔ አይደለሁም ጋሼ፣ ቢሮው ነው። እኔ ስቴፕለር ነው የምይዘው።"

"በስቴፕለርህም ቢሆን የእኔን እይልኝ። ግምቱ ከወረደ በጡረታዬ እየቆነጠርኩ እከፍላለሁ። ካልወረደ ቤቱን እሸጠዋለሁ። ሌላ ነገር የለም፣ አስቤ አስቤ ጨርሻለሁ።"

"ለመሆኑ ጉድጓዱ ሁለተኛ ይነሳል?"

ወደ ሻያቸው አዩ። "እሱ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።"

"ጋሼ፣ እነሱ ፊት እንደዛ አይባልም። 'አይነሳም' ነው የሚባለው።"

"አንተ እግዚአብሔር ነህ?"

"ብሆን ኖሮ ሌይኦፍ እፈራ ነበር?"

ሳቁ። የዚያን ቀን የሳቁት ሳቅ አሁንም ትዝ ይለኛል፣ ጥርሳቸውን በእጃቸው ሸፍነው።

አቤቱታውን በነፃ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ አዘጋጀሁላቸው። ካውንቲው "እሺ፣ ገማቹ ራሱ መጥቶ ይየው" አለ። ይሄ ጥሩ ነገር ነው። ገማች መጥቶ ዝገቱን፣ ፓምፑን የዋጠውን ሣር፣ የተሰነጠቀውን የሞተር ቀበቶ በዓይኑ ካየ እኔ መለፍለፍ አያስፈልገኝም። ጋሼን ኮል አደረግኳቸው።

"ጋሼ፣ ዓርብ ነው የሚመጣው። አንድ ነገር ብቻ፣ ምንም አይንኩ። ሣሩን አይጨዱ፣ ዝገቱን አይፈቅፍቁ። እንዳለ ይየው።"

"እሺ።"

"ምንም ጋሼ። ጠጠር እንኳን እንዳያነሱ።"

"እሺ አልኩ እኮ፣ ምነው እንደ ሕፃን!"

ዓርብ ጥርሴን አመመኝ ብዬ ከሥራ ቀረሁ። ከካልጋሪ በስተምሥራቅ ሁለት ሰዓት ያህል ይነዳል። የሚታይ ነገር የለም፤ ሜዳ፣ አጥር፣ ሰማይ። በየሜዳው እንደሚሰግድ ሰው ጎንበስ ቀና ሲሉ የማውቃቸው ፓምፖች አብዛኞቹ ቆመዋል። አንዱ ጎንበስ እንዳለ፣ አንዱ ቀና እንዳለ፣ ልክ የሆነ ሰው ከመሀል የጠራቸው ይመስል። እየነዳሁ "ጥሩ ነው፣ ሁሉም ቆሟል፣ ገማቹ ይገባዋል" እላለሁ። ሰው በሌላው ሰው ሐዘን እንዲህ ደስ ሊለው ይችላል።

ወደ ጋሼ ጉድጓድ የሚያስገባውን ኮረኮንች ስይዝ ከሩቅ አንድ አረንጓዴ ነገር አየሁ። የሰው አዲስ ትራክተር መሰለኝ። ቀረብኩ። ትራክተር አይደለም።

ፓምፑ ከእግሩ እስከ ራሱ አረንጓዴ ተቀብቷል። ያብረቀርቃል። ታንከሩ ታጥቦ ነጭ ሆኗል። ሣሩ ታጭዷል። ከበሩ እስከ ፓምፑ ድረስ አዲስ ጠጠር ተነጥፏል። ጨርቅ የለበሰ የሚታጠፍ ጠረጴዛ ላይ ሕምባሻ ተቆርሷል፣ አጠገቡ የሻይ ቴርሞስ አለ። ጋሼ ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ እጃቸውን ከኋላ አጣምረው ቆመዋል። እትዬ በወፍራም ጃኬታቸው ላይ ነጠላ ደርበዋል።

መኪናውን እንዴት ፓርክ እንዳደረግኩት አላውቅም።

"ምንድን ነው ያደረጋችሁት?"

"እንዴ!" አሉ እትዬ። "ሰው ይመጣል አላልክም? በዚያ ዝገት ልንቀበለው ነው? እኛ ቤት እኮ ነው የሚመጣው፣ ምን ብሎ ያወራልናል?"

"እትዬ፣ ዝገቱ እኮ ነው ማስረጃችን!"

"ዝገት ነውር ነው እንጂ መቼ ነው ማስረጃ የሆነው? በል አትጩህ። አፍህን ክፈትና ሕምባሻ ጉረስ።"

ወደ ጋሼ ዞርኩ። "እሺ ብለውኝ አልነበር?"

ጋሼ ጫማቸውን አዩ። "ብያለሁ። መጀመሪያ ሣሩን ብቻ ነበር ያልነው። ሣሩ ሲታጨድ ዝገቱ ባሰ። ዝገቱን ስንፈቀፍቅ ደግሞ እንደዛ ቆስሎ ልንተወው ነው? ቀለሙም ቅናሽ ላይ ነበር። መሰላል ላይ የወጣችው እሷ ናት፣ እኔ ጉልበቴ እምቢ ብሎ።"

ገማቹ ሊደርስ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማቆሸሽ። ከጠጠሩ ጥግ ጭቃ ዘገንኩና ፓምፑን መለጠፍ ጀመርኩ። እትዬ "እብድ ነው እንዴ!" ብለው በነጠላቸው ጫፍ ከኋላዬ ከኋላዬ ይጠርጋሉ። እኔ እለጥፋለሁ፣ እሳቸው ይጠርጋሉ። አንድ ጊዜ አዳለጠኝና እንዳልወድቅ ፓምፑን በሁለት እጄ ተደገፍኩት። ለካ በዚያ በኩል ቀለሙ አልደረቀም። የካውንቲው መኪና በበሩ ስትገባ እኔ ሆዴ ድረስ ጭቃ፣ መዳፌ አረንጓዴ ሆኜ ቆሜያለሁ።

ገማቹ ረጅም፣ ትሁት፣ ኮፍያ ያደረገ ፈረንጅ ነበር። ከእኔ ጋር ለመጨባበጥ እጁን ዘርግቶ መዳፌን ሲያይ ቀስ ብሎ ሰበሰበው። ሕምባሻውን በላ። ደግሞ ሲሰጡት ደገመ። ከዚያ ፓምፑን ዞረ፣ ታንከሩን አንኳኳ፣ ፎቶ አነሳ፣ ጻፈ። እስካሁን ገና ተስፋ አለኝ። ቀለም ቀለም ነው፤ ይነሳል አይነሳም የሚለው ባለቤቱ ነው።

"እንዴት ነው ታዲያ ጉድጓዱ?" አለ ገማቹ ወደ ጋሼ ዞሮ።

"ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን!" አሉ ጋሼ በእንግሊዝኛ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

ሳል ያዘኝ። ምን ይደረጋል? እኛ አበሾች አይሲዩ ውስጥ አፍንጫችን ላይ ቱቦ ተሰክቶ እንኳን "እንዴት ነህ?" ካሉን "ደህና፣ ይመስገነው" ነው የምንለው። ጋሼ መዋሸታቸው አልነበረም። ለሰላምታ መልስ መስጠታቸው ነው። ፈረንጁ ግን ጻፈው።

"ሁለተኛ ሊያስነሱት ያስባሉ?"

"የለም፣ ባለቤቱ ከእንግዲህ..." ብዬ ልገባ ስል ገማቹ "ይቅርታ፣ ከባለቤቱ አፍ መስማት አለብኝ" አለኝ።

ጋሼ ፓምፑን አዩት። ከዚያ እትዬን። እትዬ ቀስ ብለው በአማርኛ "ክፉ አታውራበት" አሏቸው። "ቆሞ ነው እንጂ ሞተ አትበለው።"

"ዋጋው ከተመለሰ" አሉ ጋሼ፣ "እግዚአብሔር ካለ፣ ስፕሪንግ ላይ አስነሳዋለሁ።"

በቃ። ገማቹ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ደስ ያለው አይመስልም። መኪናው ድረስ ስሸኘው ዝቅ ባለ ድምፅ "ምነው ባልቀባችሁት" አለኝ። "የምቀንስበትን ነገር ፈልጌ ነበር የመጣሁት። ግን እኔም አለቆች አሉኝ። ትልልቆቹ ካምፓኒዎች መክፈል አቁመዋል። ከተማችን ውስጥ የልጆቹን መዋኛ ዘግተናል። በረዶ የሚጠርጉትን ልጆች ግማሾቹን አሰናብተናል፣ አንዱ የእህቴ ልጅ ነው።"  "አይዞህ" አልኩት። እኔ፣ አረንጓዴ መዳፍ ይዤ፣ እሱን።

ስንመለስ እኔ ከፊት እየነዳሁ እነሱ ከኋላ በፒክአፓቸው ተከተሉኝ። መንገድ ላይ ለቡና ስንቆም ጋሼን ለብቻቸው አገኘኋቸውና ያደረጉት ምን ማለት እንደሆነ ነገርኳቸው። እስከዚያ ድረስ በደንብ የተቀበልነው መስሏቸው ነበር።

"ሰው መጥቶ 'እንዴት ነው?' ሲለኝ 'ሞቷል' ልበለው?"

"አዎ ጋሼ። እንደዛ ነበር ማለት የነበረብን።"

ወደ ፒክአፑ አዩ። "ለእሷ አትንገራት" አሉኝ። "መሰላል ላይ ወጥታለች።"

ግምቱ እንዳለ ጸና። አንድ ዕድል ቀርቶን ነበር፤ የካውንቲው አቤቱታ ሰሚ ቦርድ ፊት ቀርቦ ማስረዳት። ሂሪንጉ ክረምት ላይ፣ በካውንቲው አዳራሽ ሆነ። በረዶው ከባድ ስለነበር ሦስታችንም በእኔ መኪና ሄድን። ጋሼ ከኋላ ተቀምጠው አንዲቷን ዓረፍተ ነገር ይለማመዳሉ። ይጀምሯታል፣ መሀል ላይ ይተዋታል። እትዬ ከፊት ተቀምጠው ወደ መስኮቱ ነው የሚያዩት። ቀለሙ ምን እንዳደረገ እንደገባቸው አወቅኩ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ምናልባት ማንም አልነገራቸውም።

ቦርዱ ሦስት ሰዎች ነበሩ። እኔ የማወራውን አወራሁ። የቢሮዬ ደንበኛ ቢሆኑ ኖሮ ጠበቃ ነበር የሚላክላቸው፤ ለጋሼ የደረሳቸው ስቴፕለር ያዡ ነው። ተራው ሲደርስ ሰብሳቢዋ "ተቀምጠው መናገር ይችላሉ" ብትላቸውም ጋሼ ተነሡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ያ ጉድጓድ ሞቷል" አሉ። "ሁለተኛ አይነሳም።"

ድምፃቸው የመርዶ ድምፅ ነበር። ማርልቦሮ፣ ዋይትሆርን፣ የስንቱ ሰው ቤት በማለዳ ተጠራርተን ሄደን እንዲህ ያለውን ድምፅ ሰምቻለሁ። ከኋላችን እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሰብሳቢዋ፣ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ፣ ሳታስበው "አይ አም ሶሪ" አለች።

ከዚያ የካውንቲው ጠበቃ ፎቶውን ስክሪን ላይ አወጣው። አረንጓዴው ፓምፕ፣ ነጩ ታንከር፣ ሰማያዊ ሰማይ። ከልብ ነው የምላችሁ፣ ካላንደር ላይ የሚወጣ ፎቶ ነው። ጥጉ ላይ ደግሞ አንድ ቦርጫም ራሰ በራ ሁለት እጁን ወደ ላይ አድርጎ ቆሟል፣ እጅ የሰጠ ሽፍታ ይመስላል። ጠበቃው ድምፁን ከፍ እንኳን አላደረገም። "ባለቤቱ በዚያ ቀን ያሉትም እዚህ አለ" ብሎ አነበበው፣ ተቀመጠ።

ውሳኔው ከሳምንታት በኋላ ለእኔ መጣ። ያው ነው፣ አልተቀየረም። ጋሼን ኮል አደረግኳቸውና እንዴት እንደምጀምር ስፈልግ እሳቸው ቀደሙኝ።

"ግዴለም፣ አትጨነቅ። ደክመሃል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

በዚያው ሰሞን ቢሮአችን ለአንድ ትልቅ ካምፓኒ ተከራክሮ ረታ። ጉድጓዶቻቸውን ጥለዋቸው ሄደው ሣር ውጧቸዋል፣ ዝገቱ ብረቱን በልቶታል፣ አንዱ ታንከር ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታለች። ፎቶዎቹን በቅደም ተከተል ያያያዝኳቸው እኔ ነኝ። ግምቱ በደንብ ወረደላቸው። አለቃዬ ዶናት ገዛ። ሁለት በላሁ። አልጣፈጠኝም ብል ማን ያምነኛል፣ ጣፍጦኛል።

ዋይትሆርን ያለው ቤት ለወራት ለሽያጭ ቆመ። በዚያ ወቅት ቤት የሚሸጥ እንጂ የሚገዛ አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ወጣት ከሚስቱ ጋር አየውና፣ ጋሼ ከጠበቁት በብዙ ዝቅ አድርጎ ገዛው። ገንዘቡ ለታክሱና ለባንኩ ሄደ። ጉድጓዱ ግን ዛሬም የእሳቸው ነው፤ የሚገዛው የለም፣ ለመድፈንም ሌላ ቤት መሸጥ ያስፈልጋል። ሁለቱ ሳድል ሪጅ፣ የትንሿ ልጃቸው ቤት ቤዝመንት፣ ከመሬት በታች ያለው ክፍል፣ ሊገቡ ሆነ። ጋሼ ቁመታቸው ረጅም ነው፤ የቤዝመንቱ ኮርኒስ በአንድ በኩል ዝቅ ይላል። ልጅቷ እዚያ ቦታ ላይ ስፖንጅ ለጥፋላቸዋለች።

እቃ የጫንን ቀን ወገቤን ይዤ ሦስት ጊዜ ያህል "ኦክስጅን" ብዬ ጮኼ ነበር፣ ማንም አልሳቀልኝም። ትራኩን ሞልተን ስንጨርስ አዲሱ ባለቤት ቁልፉን ሊቀበል መጣ። ጋሼ ቁልፉን ሰጡትና "ና አንዴ" ብለው ወደ ቤዝመንት ይዘውት ወረዱ።

እኔና እትዬ ትራኩ ውስጥ ገብተን ሞተር አስነስተን ጠበቅን። አይመጡም። በትንሿ የቤዝመንት መስኮት እግሮቻቸው ይታያሉ። ቤቱን የሚያሞቀው ፈርነስ ጋ ቆመዋል። ቆይተው የውሃው መዝጊያ ጋ። ጋሼ ይጎነበሱና ልጁን ያስጎነብሱታል።

"ፊልተሩን በየስንት ጊዜው እንደሚቀይር እያስጠናው ነው" አሉ እትዬ። "ከሴቶቹ ልጆቹ ጋር እንኳን እንዲህ ተቀምጦ አያውቅም።"

"ልጥራቸው እትዬ? እየመሸ ነው፣ ትራኩንም መመለስ አለብኝ።"

እትዬ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የጃኬታቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፉ። ጋሼ ከቤዝመንቱ ወጡ፤ መጡ ስል ልጁን በጎን በኩል ወደ ጓሮ ይዘውት ሄዱ። የጓሮው በር ክረምት ላይ እንዴት እየተነሳ እንደሚከፈት ሊያሳዩት ነው።

"ተወው" አሉ እትዬ። "ይጨርስ።"

ሞተሩን አጠፋሁት።